ሙዳየ ምጽዋትና ካዝና፦ «ቤተ ክርስቲያንና ነጋዴ ይራራቁ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ፤ «ቤተ ክርስቲያንና ነጋዴ ይራራቁ» ይላል። ብዙ ሰው ቢያነበው አይገርምም፤ የጸሐፊው ብዕር ስል ነው፣ የሚነካው ቁስልም የብዙዎቻችን ነው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ክርስቶስ ነጋዴዎችን በጅራፍ ከመቅደስ አስወጥቷልና አብያተ ክርስቲያናትና ባለሀብቶች «አካባቢያችንን እንለውጥ» ብለው አብረው መቀመጣቸው ከሥሩ ስሕተት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስ ብቻ ነው። ባለሀብት የሚሰጠው ወንበር ለመግዛት ነው፤ ውሎ አድሮ ዐውደ ምሕረቱንም ይገዛል። በዚህ መንገድ የተጀመሩ ወፍጮዎች፣ ክሊኒኮችና የውኃ ጉድጓዶች ሪባን የቆረጠው እንግዳ ከሄደ በኋላ ቆመዋል። ልማት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ቤተ እምነት ከገባበት ልዩ ልዩ እምነት ያለውን ሕዝብ ይከፋፍላል። በመጨረሻም፣ ነጋዴው ግብሩን ከፍሎ ሠራተኛውን በአግባቡ ከያዘ፣ ሰባኪውም ከሰበከ፣ ሌላ ትብብር አያስፈልግም።

ከእነዚህ ውስጥ እውነት የሆኑ አሉ፤ ስደርስባቸው እናገራለሁ። መደምደሚያው ግን አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው ያሳዩን አብሮ መሥራት ሲበላሽ ነው፤ ያበላሸው ግን አብሮ መሥራቱ ሳይሆን የማን ድርሻ ምን እንደሆነ ሳይለይ መግባቱ ነው።

ከጅራፉ እንጀምር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ከመቅደስ የወጡት በሬ፣ በግና ርግብ ሻጮች እንዲሁም ገንዘብ ለዋጮች ናቸው። ከሩቅ አገር ለሚመጣ ተሳላሚ መሥዋዕት መግዛትም፣ ለመቅደሱ ግብር የሚሆነውን ገንዘብ መመንዘርም ግዴታ ነበር። ማቴዎስ ክሱን ሲያስቀምጥ «የወንበዴዎች ዋሻ» ይላል። የተወቀሰው ቦታውና ቅሚያው እንጂ ንግድ በጠቅላላው አይደለም። ያማ ቢሆን ኖሮ በፊልጵስዩስ ጳውሎስንና ባልንጀሮቹን በቤቷ የተቀበለችው ልድያ የቀይ ሐር ነጋዴ መሆኗ፣ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ማደሩ ምን ሊባል ነው? ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ክፍል ደግሞ አለ፤ ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን መዋጮ ሲያደርስ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሌላ ወንድም አብሮት እንዲጓዝ ተደርጓል፤ ምክንያቱም ማንም እንዳይነቅፈው ነው። ሐዋርያው ራሱ ብቻውን ገንዘብ ሊይዝ አልወደደም ማለት ነው። ከረጢቱን ይሁዳ ይዞት እንደነበረ፣ ይሰርቅም እንደነበረ ወንጌሉ አልደበቀም። ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚያ በኋላ ከረጢት አልጣለችም፤ ሰባት ዲያቆናት መረጠች።

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስ ብቻ ነው» ለሚለው ብዙ መድከም አያስፈልግም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ሥጋና ነፍስን ለሁለት መክፈል ከውጭ የመጣ ሐሳብ መሆኑን አስረግጦ ነግሯቸዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ደግሞ ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸውን ለሰበሰቡ ረጂዎች ነበር። ጸሐፊያችን ያንኑ ክፍፍል ገልብጠው አመጡት።

ወንበር መግዛት ወደሚለው እንለፍ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። ስሙ በእብነ በረድ ተቀርጾ፣ ወንበሩ ከፊት ተይዞለት፣ ስለ ሥራው አንድ ቃል የማይነገርበት ለጋሽ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ከዚህም የከፋ አለ። በአሜሪካ አሪዞና የባፕቲስቶች ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወድቅ ገንዘባቸውን አምነው የሰጡ 11,000 ገደማ ሰዎች ወደ 570 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተያዘባቸው። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ የከሰረውን ንብረት ከራሳቸው ሰዎች ጋር ለተያያዙ ኩባንያዎች በወረቀት «ይሸጡታል»፣ ኪሳራው ከመዝገብ ይጠፋል፣ የቀድሞ አስቀማጭ ወለድ በአዲስ አስቀማጭ ገንዘብ ይከፈላል። ኦዲተርም ነበራቸው፤ ያውም በዓለም ስመ ጥር የነበረ ድርጅት፤ በኋላ 217 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ «ኦዲት እናስደርጋለን» ብሎ ዝም ማለት በቂ አይደለም።

በቂ የሚሆነው ምንድን ነው? በቅድሚያ የትብብሩን ሥራ የሚመራው ቦርድ አባል የሆነ ነጋዴ፣ ዘመዱም ሸሪኩም፣ ለዚያ ሥራ አይሸጥም፣ አይገዛም፣ አያከራይም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሲሚንቶ የሚሸጠው እሱ ብቻ ከሆነና መግዛት ግድ ከሆነ ከስብሰባው ይወጣል፤ እሱ በሌለበት ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ይነጻጸራል፣ ከአጎራባች ከተማ የመጣ አንድ ዋጋ የግድ ይኖርበታል፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። የባንክ ፊርማ ሦስት ሰው ዘንድ ይሁንና ሁለቱ ይፈርሙ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሰባኪ ወይም አስተዳዳሪ ባይሆን ይመረጣል። አገልጋይ ቼክ ሲፈርም የተጣላው ሁሉ ቅዳሴውንም ስብከቱንም ይጠላበታል። ከአንድ ሰው የሚመጣ ገንዘብ ከዓመቱ በጀት ከሩብ አይብለጥ። ሩብ ያልኩት በልኬት ነው፤ ሩቡ የቀረበት ሥራ ይጎዳል እንጂ አይሞትም፣ ግማሹ የቀረበት ግን ለጋሹ ሲያኮርፍ አብሮ ይዘጋል። የአገልግሎት ዘመን ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። የሒሳብ ሪፖርቱ ደግሞ ለትልቁ ለጋሽ በተላከበት ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይለጠፋል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ሰበካ ጉባኤ እንዲቀመጡ ሠርቷል። የአጥቢያ ነጋዴ የሚገባበት በር ከተከፈተ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። የጎደለው ብዙ ጊዜ የጥቅም ግጭትን የሚከለክል ጽሑፍ ነው።

ካህን ገንዘብ ሳይዝ አካባቢ ሲለውጥ ማየት ለፈለገ ስፔን፣ ባስክ አገር፣ ሞንድራጎን የምትባል ከተማ አለች። አባ ሆሴ ማሪያ አሪዝሜንዲያሪዬታ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲደርሱ ከተማዋ ከእርስ በርስ ጦርነት ገና የወጣች ድኻ ነበረች። የአካባቢው ትልቅ ፋብሪካ የሙያ ትምህርት ቤቱን ከፋብሪካው ውጭ ላሉ ልጆች አልከፍትም ሲል ከሕዝቡ መዋጮ ሰብስበው በ1943 ሌላ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከተማሪዎቻቸው አምስቱ በ1956 ምድጃ የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1959 የቁጠባ ባንክ ተጨመረ፤ ዛሬ የዚያ ሸለቆ ኢኮኖሚ በእነዚህ የሠራተኛ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ቆሟል። ካህኑ አማካሪ እንጂ ሥራ አስኪያጅ ሆነው አያውቁም። ተረቱን እንዳላሳምረው፣ ከፋብሪካ ማኅበራቱ ታላቁ የነበረው የቤት ዕቃ አምራች ፋጎር እ.ኤ.አ. በ2013 ከስሯል። የቀሩት ግን አብረውት አልሰጠሙም፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹን ተቀብለዋቸዋል። ኪሳራውን ያቆመው እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ካዝና ያለው መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ክስ፣ «ፕሮጀክቱ ይቆማል» የሚለው፣ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። ጸሐፊው የቆሙ ወፍጮዎችን ዘርዝረው «ገንዘብ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል» ብለዋል። ወፍጮን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ግን የሚቆመው ገንዘብ ስላለቀ ሳይሆን የወፍጮው ገንዘብ ትርፍ መስሎ ስለተበላ ነው። ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር ላስቀምጥ። ተገዝቶ እስኪተከል 600,000 ብር የፈጀ፣ 10 ዓመት የሚያገለግል ወፍጮ እናስብ። በቀን 10 ኩንታል፣ በወር 25 ቀን፣ ኩንታሉን በ200 ብር ቢፈጭ 50,000 ብር ያስገባል። ለወፍጮው ሠራተኛ 8,000፣ ለጥበቃ 5,000፣ ለመብራት 14,000፣ ለቺንጋ (ሞተሩን ከወፍጮው ለሚያገናኘው ቀበቶ)፣ ለኩሽኔታና ድንጋይ ለማስወቀር 6,000 ይውጣ። 17,000 ይተርፋል። ኮሚቴው ይደሰታል፤ ለበዓል ድንኳን፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለእንግዳ ምሳ ይመድባል። ከ17,000ው ውስጥ ግን 5,000ው የኮሚቴው አይደለም፤ የሚቀጥለው ወፍጮ ነው። 600,000ን ለ120 ወር ማካፈል ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሞተርና ኩሽኔታ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ወፍጮው አራተኛ ዓመቱን ሲጨርስ የመተኪያው ዋጋ 1,000,000 ብር ቢገባ፣ በወር 5,000 እያለ የተጠራቀመው 240,000 ብቻ ነው፤ የቀረውን 760,000 በ72 ወር ለመሙላት በወር 10,600 ያህል ያስፈልጋል። ከ17,000ው እውነተኛ ትርፍ የሚባለው 6,400 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህን ስሌት ዓመት በዓመት አንሥቶ የመተኪያውን ዋጋ ጠይቆ የሚያስተካክል ሰው ማነው? ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ዕቃ ከመሸጡ በፊት «ስንት ብዬ እተካዋለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወፍጮው ጋ ሲጠራ ግን ሪባን እንዲቆርጥ እንጂ ሒሳብ እንዲሠራ አይደለም። ጸሐፊው «ነጋዴውን አርቁት» ሲሉ የሚያርቁት ወፍጮው እንዳይቆም የሚያደርገውን ሰው ነው።

ሌላው ገዳይ በነጻ መፍጨት ነው። «የድኻ እህል በነጻ ይፈጭ» ይባላል፤ ደግ ሐሳብ ነው። ዳሩ ግን የችግረኞች ዝርዝር ከሌለ በሁለት ወር ውስጥ የወፍጮው ሠራተኛ ዘመድ ሁሉ ድኻ ይሆናል። መፍትሔው ሁለቱን ሣጥን መለየት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ችግረኞቿን ታውቃለች፤ ትመዝግብ፣ ቁጥር ያለው ኩፖን ትስጥ፣ ወሩ ሲያልቅ ሙዳየ ምጽዋቱ ለወፍጮው በኩፖኑ ልክ ይክፈል። ምጽዋቱ ምጽዋት ሆኖ ይቀራል፣ ወፍጮውም ወፍጮ። ድንጋዩ ሲደነዝ ዱቄቱ እንደሚግል፣ ቺንጋው ሲላላ ሞተሩ በባዶ እንደሚደክም፣ መብራት ሲዋዥቅ ሞተር እንደሚቃጠል የሚያውቅ ሰው መቅጠርም ዘመድ ከመቅጠር ይለያል።

የውጭ ገንዘብ ሲቆም ያልቆመ ሥራም አለ፤ ጸሐፊው ዘለሉት። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከብሪታንያው ክርስቲያናዊ ረድኤት ድርጅት ከቲርፈንድ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2002 በአዳማ በአምስት ቡድን የጀመረችው የራስ አገዝ ቡድን አሠራር በብዙ አካባቢዎች ተስፋፍቷል። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ በየሳምንቱ አቅማቸው የፈቀደውን ጥቂት ብር ይቆጥባሉ፤ ከዚያው እርስ በርስ ይበዳደራሉ፤ ስብሰባውን በየተራ ይመራሉ። ከስምንት እስከ ዐሥር ቡድን ሲሞላ ተወካዮች መርጠው የቡድኖች ኅብረት ያቆማሉ። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ከውጭ መነሻ ገንዘብ አይገባም። ቸር ነጋዴ መጥቶ 50,000 ብር ቢጨምርበት ቡድኑ ይፈርሳል፤ የራሷን አምስት ብር የተበደረቻትን ጎረቤት በር እያንኳኳች የምታስመልስ ሴት «የጋሼን ገንዘብ» ለማስመለስ ደጅ አትጠናም። ታዲያ ነጋዴው ምን ይሥራ? ዘይት፣ ሳሙናና ጤፍ ለኅብረቱ በጅምላ ዋጋ ይሽጥ፤ አምባሻ ጋግራ የምትሸጠዋን የእንጨቱንና የጉልበቷን ዋጋ መደመር ያስተምር። እቁብ ያደገበት ሰው ይህ አይጠፋውም።

አራተኛው ነጥብ ሁለት ነገር አጣብቋል። «ልማት የመንግሥት ነው» የሚለውን ደቡብ ጎንደር ሄዶ መጠየቅ ነው። አገሩ በእርሻና በግጦሽ ተራቁቶ ሳለ ከላይ ሲታይ እንደ አረንጓዴ ደሴት የቀረው የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ብቻ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ያንን ደን አዋጅ አላተረፈውም፤ ቅድስናው ነው ያተረፈው። ቅድስና ግን ከብት አያግድም፤ በሬ ገብቶ ችግኝ ሲበላ ሽማግሌው ዛፍ ተተኪ ያጣል። መፍትሔው የድንጋይ ካብ ሆነ፦ ከአጎራባች ማሳ ድንጋይ ተለቅሞ ያለ ሲሚንቶ በደኑ ዙሪያ ይካባል፣ በር ይበጅለታል፤ ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል። የጭነት መኪና ያለው የከተማ ነጋዴ እዚህ ላይ ከገንዘቡ ይልቅ መኪናው ይጠቅማል። ገበያ ደን ሲያጠፋም አይተናል፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይሸጣል ተብሎ በቅጽሩ ጥግ ይተከልና ወደ ውስጥ እየገፋ አገር በቀሉን ያፍናል። ለገቢ ባሕር ዛፍ ካስፈለገ ከካቡ ውጭ፣ ርቆ ይተከል።

መከፋፈል የሚለው ደግሞ እንደ አያያዙ ነው። ሕክምና ሰልፍ ላይ ስብከት፣ ቅጥር ላይ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከተጠየቀ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እኔም እቃወማለሁ። ነገር ግን በጉራጌ ምድር ካቶሊካውያን ደናግል እ.ኤ.አ. በ1969 የከፈቱት የአጣጥ ሆስፒታል ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ሲያክም ኖሯል። የዚያው ምድር ልጆች የሆኑ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች በ1950ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ለአገራቸው መንገድ ሲያወጡ በመዋጮው ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነበረበት። አብሮ ለመሥራት የሥራ ምርጫም ይወስናል። ከብት አደልቦ ሥጋ መሸጥ በሚለው ከጀመራችሁ ገና ሳይታረድ ለሁለት ተከፈላችሁ፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። ማር፣ አትክልት፣ ወፍጮ ይሻላል። ወተት ከመረጣችሁ ጾሙን አስሉ፦ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠር ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ላሚቱ አትጾምም። የኦርቶዶክስ ደንበኛ ሲቀር ወተቱን ወደ ቅቤና ዓይብ የሚቀይር ዕቃ፣ ወይም ከሙስሊም ምግብ ቤቶች ጋር አስቀድሞ የተፈረመ ውል ከሌለ በየካቲትና መጋቢት ወተት ይደፋል። ሙስሊም ጎረቤት በቦርዱ ላይ መኖሩ ለወዳጅነት ብቻ አይደለም፤ ለገበያውም ነው።

በመጨረሻው ነጥብ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም፤ እንዲያውም ያሉትን ወደ ሥራ ልለውጠው። የሠራተኛውን ደመወዝ አጉሎ ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት የሚገዛ ነጋዴ ለጋሽ አይደለም፤ የሰጠው የሠራተኛውን ነው። ግን ይህን የሚቆጣጠረው ማነው? ትብብሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሕጉ መንገዱን ከፍቶታል። የእምነት ተቋማት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይሸፈኑም፤ ስለዚህ የልማቱ ሥራ ለብቻው በድርጅትነት ይመዝገብ። ኦርቶዶክሱም መካነ ኢየሱሱም ቃለ ሕይወቱም የልማት ክንፋቸውን ለይተው የያዙት በከንቱ አይደለም። በዚህ አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ገቢ የሚያስገኝ ንግድ ቢከፈት የራሱ የባንክ ሒሳብና መዝገብ ይኖረዋል፣ ትርፉም ለአባላት አይከፋፈልም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ እንዲህ ላለ የተመዘገበ ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ሊያዝ ይችላል፤ አዋጁ ማሻሻያ ስለተደረገበት ቼክ ከመጻፍ በፊት የሒሳብ ባለሙያ መጠየቅ ግድ ነው። ለአጥቢያው በጥሬ ገንዘብ የተሰጠ ግን ይህን ጥቅም አያገኝም፣ ዱካም የለውም።

እንግዲህ ቦርዱ ከትልቅ ለጋሽ ሁለት ወረቀት ይጠይቅ። አንዱ የዓመቱ የግብር ክሊራንስ ነው። ሁለተኛው የሠራተኞቹ ጡረታ፣ ከአሠሪው 11 ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ወር በወር መግባቱን የሚያሳየው ደረሰኝ ነው፤ ለዐሥራ ሁለቱም ወር። ደረሰኙ ላይ ያለው የሰው ቁጥርና በሱቁ፣ በመጋዘኑ፣ በፋብሪካው የሚታየው ሰው ቁጥር የማይገጥም ከሆነ ቼኩ ይመለስለት፤ ሠራተኞቹን አስመዝግቦ ሲመጣ ደግሞ በደስታ እንቀበለው።